አልጋ ላይ የተሰጣው የድምፅ ካርድ

በየከተማው፣ በየሰፈሩ፣ በየዕድሩ አንድ ሙያ ብቻ ተምሮ በዚያች አንድ ሙያ መላውን ዓለም የሚፈታ ሰው አለ። ጡረታ የወጣ ሾፌር ከሆነ የጎረቤቱ ትዳር የፈረሰው "ማርሽ ሳያስገቡ ነዳጅ ስለረገጡ" ነው። ነርስ የነበረች ከሆነች የዕድሩ ካዝና የሚራቆተው "ደም ስለሚያንሰው" ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አስረድቼ እመልሰዋለሁ አትበሉ። ለማስረዳት አፋችሁን ስትከፍቱ እናንተንም በዚያው ሙያው ይመረምራችኋል።

የእኛው፣ የሚዛን ተፈሪው፣ ክቡር ጋሽ ጌታሁን ናቸው። ክቡርነታቸው ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲመረምሩ ኖረዋል። ጆንያ በሹል ብረት ወግተው ናሙና ያወጣሉ፣ እርጥበቱን ይለካሉ፣ ቆልተው አፍልተው ፉት ይሉና ደረጃ ይሰጣሉ። ከቴፒ እስከ ማሻ ያለ ነጋዴ "ጋሽ ጌታሁን ምን አሉ?" ሳይል ቡና አይጭንም ነበር ይባላል። ይህን የሚለው ማን ነው ካላችሁኝ፣ ራሳቸው ናቸው።

ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው። ምርመራውን ግን ማን ጡረታ ያውጣው? ብረቷ ከነሽታዋ ዛሬም የደረት ኪሳቸው ውስጥ ናት፤ ፍርዳቸውም አንድ ነው፤ "እርጥበት ነው።" ባጃጅ አልነሳ ሲል ልጁን ገፋ አድርገው የነዳጁን ክዳን ያሸታሉ፤ "እርጥበት ነው።" እኔ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝና ተማሪዎቼ ፈተና ሲወድቁ መንገድ ላይ ያስቆሙኛል፤ "ሳይደርቁ ነው ያስተላለፋችኋቸው።" ጎረቤታችን ታፈሰ አዲስ ካገባት ሚስቱ ጋር ሲጣላ ሽማግሌ ሆነው ተሰየሙ። ሁለቱን በየተራ ትክ ብለው አዩና ፈረዱ፤ "ሳይደርቅ ተጫነ። ጥፋቱ የማንም አይደለም።" የሚገርመው ባልና ሚስቱ ታረቁ። በጋሽ ጌታሁን ለመሳቅ ተባብረው ይመስለኛል።

ስብከትም አይቀርላቸውም። እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በር ላይ ቆመው ምላሳቸውን ከላንቃቸው ያላቅቁና "አጀማመሩ መልካም ነው፤ መጨረሻው ላይ ይጎመዝዛል" ይላሉ፣ ሰባኪው እየሰማ። እኛ ቤት ሲመጡ የምንሰጣቸው ሻይ ነው። አንድ ቀን ቡና ያቀረበችላቸው ባለቤቴ ሰሎሜ ደረጃ አራት ተሰጥቷታል።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ።

ሰሎሜ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ፊት ሆና የምትዘምር ናት። መዝሙሮቹን ራሷ ትደርሳለች፤ ገሚሱን በአማርኛ፣ ገሚሱን በእናቷ ቋንቋ በቤንችኛ። አንገቷ ላይ እንቅርት ከወጣባት ቆይቷል። እኛ አገር እንቅርት ብርቅ ስላልሆነ ዝም ብለነው ነበር። ወደ ውስጥ እያደገ መጥቶ ትንፋሽ ሲያሳጥራት ግን ጅማ ሄድን። ሐኪሙ ቅን ሰው ነው፤ አልደበቀንም። መውጣት አለበት አለ። የድምፅ ነርቭ በዚያው ሥር እንደሚያልፍ፣ እንደሚጠነቀቁ፣ ያም ሆኖ ድምፅዋ ሊለወጥ እንደሚችል ነገረን። ለቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሰጠንና ተመለስን።

 በአውቶቡስ ስንመጣ ቦንጋን ካለፍን በኋላ ሰሎሜ በመስኮት እያየች፣

"ይሄይስ፣ ከመሄዴ በፊት መዝሙሮቼን ቅዳልኝ" አለችኝ። "ለብቻዬ። ሰው ሳይሰማ።"

"ሰው ቢሰማ ምናለበት?"

"ነገሩን ካወቀ ያለቅሳል። ሰው እያለቀሰ እኔ መዘመር አልችልም።"

ቀላል ነው አልኳት። ቤታችን አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ፤ ውስጡ የድምፅ ካርድ ተተክሎለት የመዘምራኑን ልምምድ ስቀዳበት የኖርኩ ነው። ማይኩን ሰካሁ። ሰሎሜ ጉሮሮዋን ጠርጋ ዘመረች። ስትጨርስ መልሼ ከፈትኩት። ምንም የለም። ድምፅ ሲገባ መጨፈር የነበረባት አረንጓዴ መስመር ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብላ ተጋድማለች።

ማይክ ቀየርኩ። ገመድ ቀየርኩ። አጥፍቼ አበራሁ። ካርዱን ነቅዬ፣ አቧራውን እፍ ብዬ መለስኩት። ፕሮግራሙን ሰርዤ እንደገና ጫንኩ። ከዚህ ቀደም የተቀዳ መዝሙር ስከፍትበት አሳምሮ ያሰማኛል፤ አዲስ ቅዳ ስለው ግን ወይ ፍንክች። እንደ ስብሰባ መሪ ሆነብኝ፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ከተማ ውስጥ ያለ ጠጋኝ ጋ ብወስደው "ካርዱ ሞቷል፣ ከአዲስ አበባ ይምጣልህ" አለኝ። እስኪመጣ ቀጠሮው ያልፋል።

በስልክ ለምን አልቀዳህም ትሉኛላችሁ። ቀድቻለሁ። የሚዛን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰምቶ የሚያውቅ ይህን አይጠይቀኝም። ማይክ ከከንፈር ሥር ሲደገን ሌላውን አይሰማም፤ ስልክ ግን ሁሉን ይሰማል። የተቀዳው ዝናብ ነው። ከዝናቡ ጀርባ አንዲት ሴት ከወንዝ ማዶ የምትጣራ ትመስላለች። ሰሎሜ አንድ ጊዜ ሰማችውና "ተወው፣ ግድ የለም" አለችኝ። ያቺ "ግድ የለም" ሆዴ ውስጥ ገብታ ቀረች።

ውኃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል እንዲሉ፣ አረፋዬ ባርኔጣቸውን አድርገው በር አንኳኩ።

"ኮምፒውተርህ አልቀዳ ብሏል አሉ" አሉ ጋሽ ጌታሁን፣ ሳይቀመጡ።

"የድምፅ ካርዱ ነው ጋሼ። እኔ ሞክሬ ሞክሬ..."

"አውጣት።"

አወጣኋት። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አየር ሳቡ። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

"ሲሚንቶ ላይ ነው የምታስቀምጣት?"

"ኮምፒውተሩን? ጠረጴዛ ላይ ነው።"

"ከግድግዳ ይርቃል?"

"ተጠግቷል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐኪም በሽተኛው ሳይሰማ ለቤተሰብ የሚነቀንቀውን ዓይነት ነው። "በገዛ እጅህ ጨርሰሃታል። እርጥበት ነው።"

እውነቱን ልናገር፣ ተስፋ አደረግሁ። ሚዛን እርጥብ አገር ነው፤ ለጥቂት ቀን ያልተጫሙት ጫማ ይሻግታል። ካርድስ ለምን አይሻግት? ደግሞም የቸገረው እርጉዝ ያገባል። "ይውሰዷት ጋሼ" አልኳቸው። ምድጃ ዳር ያኖሯታል ብዬ ነበር።

ምድጃ ዳር አላኖሯትም። አሁንም ምክር በሚሰጡበት የአንድ ነጋዴ ግቢ ወስደው ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ሰጧት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ብሄድ፣ በሽቦ ወንፊቱ አልጋ ላይ፣ የታጠበ ቡና መሀል ካርዴ በጀርባዋ ተኝታለች። ክቡርነታቸው ደንብ አውጥተውላታል፤ ትገላበጣለች፣ ደመና ሲመጣ ላስቲክ ትለብሳለች፣ ቀትር ላይ ትሸፈናለች።

"ቀትር ላይ ለምን ትሸፈናለች? ትድረቅ አይደል የተባለው?"

"ቀትር ላይ ካልተሸፈነች ትሰነጠቃለች" አሉኝ። "አንተ አስተማሪ ነህ፤ ሂድ አስተምር።"

በማግስቱ ጠዋት ብሄድ ካርዷ የለችም። ጋሽ ጌታሁን አልጋውን ከዳር እስከ ዳር ይዳብሳሉ። ከቡናው ባዕድ ነገር የሚለቅሙት ሴቶች አለቃ አስካለች ነጠላዋን አስተካክላ መጣች።

"ምን ጠፋባችሁ?"

"እዚህ መሀል የነበረች አረንጓዴ ነገር" አልኳት።

"እሷን ነው? እኔ ነኝ ያነሳኋት። ባዕድ ነገር ነቻ!" አለች ኮራ ብላ። "ድንጋይ አለ፣ እንጨት አለ፣ ሚስማርም አግኝቼ አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ግን ገና አሁን ማየቴ ነው። ቡናችንን ሊያስጥሉብን ነው ብዬ ወዲያ ቆሻሻው ላይ ወረወርኳት።"

ጋሽ ጌታሁን ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ፊታቸው በራ። "አየህ? ከዚህ ሁሉ ፍሬ መሀል! እኔ ነኝ ያሠለጠንኳት።" ከዚያ ሁለታችንም ተንበርክከን የቆሻሻ ክምሩን በረበርን፤ እኔ እየተሳደብኩ፣ እሳቸው እግረ መንገዳቸውን ያገኙትን ብላሽ ፍሬ ሁሉ "ይሄ ተባይ የበላው ነው፣ ይሄ ያልበሰለ ነው" እያሉ እያስተማሩኝ። ካርዷ ከጠጠርና ከገለባ ሥር ወጣች።

ይዣት ሮጥኩ። ተከተሉኝ። ተከልኳት፣ ማይኩን ሰካሁ፣ "አንድ፣ ሁለት" አልኩ። መስመሯ ንቅንቅ አላለችም።

ጋሽ ጌታሁን ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። "ገባኝ" አሉ በመጨረሻ። "አሁን ደግሞ ከልክ በላይ ደርቃለች። በኮባ ቅጠል ጠቅልለን ነገን እናሳርፋት። ቡናም ከአልጋ እንደወረደ አይጫንም።"

የጅማው መኪናችን ነገ ጠዋት ነው። የሰሎሜ ሻንጣ በር ላይ ተዘጋጅቷል። ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ።

"ጋሽ ጌታሁን፣ ይሄ ቡና አይደለም!" ጮህኩባቸው። "ሰሎሜም ቡና አይደለችም! ነገ ልትሄድ ነው፤ አንገቷን ሲከፍቱት ድምፅዋ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ እኔ አንዲት መዝሙር እንኳ አልቀዳሁላትም! እርስዎ ደግሞ ኮባ..."

አልጨረስኩትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስለ ድምፅዋ አያውቁም ነበር፤ ለማንም አልነገርንም።  ጋሽ ጌታሁን ባርኔጣቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ወጡ። በሩን እንኳ በቀስታ ነው የዘጉት።

ሰሎሜ ከጓዳ ወጣች። "ለምን ነገርካቸው?" አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ "ለምን ጮህክባቸው?" አለች።  ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፈንኩት። ተስፋ ቆረጥኩ። ለዓመታት በየእሑዱ የተሰማ ድምፅ ከቤቴ ሊወጣ ነው፤ እኔም ባልዋ ሆኜ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ራሴን ጠላሁት።

የዚያኑ ቀን ከቀትር በኋላ ዝናቡ በባልዲ ሲገለበጥ በር ላይ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋ። ጋሽ ጌታሁን ከውስጡ አንገታቸውን አወጡ።

"ሰሎሜን ልበሺ በላት! ስልክህን ያዝ!"

"ወዴት ነው?"

"ዕቃው አልደርቅ ካለ ቦታው ይድረቅ። ፍጠን!"

ልጣላቸው አቅም አልነበረኝም። ሰሎሜ ቀድማኝ ጋቢዋን ደርባ ወጥታለች። ባጃጁ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ የነጋዴው መጋዘን በር ላይ አደረሰን። ጋሽ ጌታሁን ቁልፉን ለምነው አምጥተዋል፤ እኚህ በሕይወታቸው ማንንም ለምነው የማያውቁ ሰው። ውስጡ ጆንያ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጆንያ፣ መሀሉ ላይ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ጠባብ መንገድ። እስከ መጨረሻው ገባን።

ዝናቡ ጠፋ። አላቆመም፤ በሩ ላይ ሆኜ ስሰማው ሲወርድ ነበር። እዚያ መሀል ግን የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ያ ሁሉ ጆንያ ቡና ድምፁን ውጦት ነው። ጋሽ ጌታሁን ግን የራሳቸው ምክንያት አላቸው።

"አየህ?" አሉኝ በሹክሹክታ። "እዚህ እርጥበት የለም።"

አልተከራከርኳቸውም።

ሰሎሜ ወደ እሳቸው ዞር አለች። "ጋሽዬ፣ ሰው ካለ እኔ..."

"የምን ሰው? እኔ ጆንያ ነው የማየው" ብለው ፊታቸውን ወደ ክምሩ አዙረው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ሰሎሜ ፈገግ አለች። ስልኩን ከአገጯ ሥር ያዝኩላት። ጀመረች።

እንዴት እንደዘመረች ልጽፈው አልችልም። አንዱን ስትጨርስ ትንፋሿን ትሰበስብና ሌላውን ትጀምራለች።  እንባዬ ሲወርድ አፍንጫዬን እንኳ አልሳብኩም፤ እንዳይቀዳ። የመጨረሻው በእናቷ ቋንቋ የደረሰችው ነበር። መሀሉ ላይ ድምፅዋ ከፍ ብሎ፣ ከፍ ብሎ የሚቆይበት ቦታ አለ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። እዚያ ደረሰች። ያዘችው። 

"ደረጃ አንድ!"

ጩኸቱ ከጆንያዎቹ በኩል ነው። ክቡርነታቸው ናቸው፤ ፊታቸውን ወደ ክምሩ እንዳዞሩ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። ይህን ሰው ካወቅኋቸው ጀምሮ ለማንም፣ ለምንም፣ ለገዛ ልጃቸው ሠርግ እንኳ ደረጃ አንድ ሲሰጡ ሰምቼ አላውቅም።

ሰሎሜ ፈነዳች። ሳቋን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሆዷ ተነስቶ መዘምራኑን ሁሉ ከዜማ የሚያስወጣ ሳቅ ነው። ሳቀች፣ ጆንያ ላይ ተደግፋ ሳቀች፣ እንቅርቱ አፍኗት እስክታስል ሳቀች። ከዚያ በኋላ ልትቀጥል ሞከረች፤ ትንፋሽ አጣች። መዝሙሩ ከመሀሉ ተቆርጦ ቀረ። በመመለሻው ባጃጅ ውስጥ ጋሽ ጌታሁንን ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ብናገር የምለውን አውቀዋለሁ።

እንቅርቱ በሰላም ወጣ። ሰሎሜ ዳነች፤ ይህን እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ነው የምጽፈው። ድምፅዋ ግን ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ። የቀረላት ቀጭን ሹክሹክታ ነው፤ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ አይሰማም። ጊዜ ስጡት ይሉናል። ጊዜ እየሰጠነው ነው። እኔ እንደሆንኩ ተስፋ ማድረግ ሰልችቶኛል፤ እሷ ፊት ብቻ አደርጋለሁ።

ኮምፒውተሩስ? አንድ ቀን የፈተና ጥያቄ ስጽፍበት፣ ሌላ ነገር ስፈልግ፣ ገብቼበት የማላውቅ ቦታ ገባሁ። ለካ ኮምፒውተሩ ራሱን በራሱ ሲያድስ ማንኛውም ፕሮግራም ማይክ እንዳይጠቀም ከልክሎ ኖሯል። አንዲት ምልክት ናት። በማውስ ነካኋት። አረንጓዴዋ መስመር ተነስታ ጨፈረች፤ ወንበሬ ሲንቋቋ እንኳ ትጨፍራለች። ካርዱ አልሞተም፣ አልሻገተም፣ አልተሰነጠቀም። አሁን ሁሉን ይሰማል፤ የምቀዳው ግን የለኝም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ለጋሽ ጌታሁን ስነግራቸው በጥሞና አዳመጡኝ። "ራሱ ነው የዘጋው?"

"ራሱ ነው።"

"እንግዲያው" አሉ፣ "እርጥበት ሲገባበት ራሱን ይዘጋል።"

ባለፈው እሑድ ቤታችን መጡ። ሻይ ቀዳሁላቸው። ከዚያ መጋዘን ወዲህ ቀረጻውን ሰምተውት አያውቁም፤ ሰሎሜ ተነስታ ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሩ ያዛወርኩትን ከፈተችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። የመጨረሻው መዝሙር መጣ። ድምፅዋ ከፍ አለ፣ ከፍ ብሎ ቆየ፤ ከዚያ የራሳቸው ጩኸት ከስፒከሩ ወጣ። ጋሽ ጌታሁን ብርጭቆውን አስቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"እኔ ነኝ?" አሉ። "እዚህ ላይ?"

"እርስዎ ነዎት" አልኳቸው።

"ይህን ሰውዬ ቆርጠህ አውጣልኝ። በሞቴ ይሄይስ! ኮምፒውተሩ አሁን ይሠራ የለ? ምን ሆኜ ነው... እንዲህ ያለ ነገር ላይ! አውጣልኝ።"

ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጉድለት ሲመዝኑ የኖሩ ሰው የራሳቸውን ሲሰሙ ማየት ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም። አንጀቴን በሉት። እወዳቸዋለሁ ብዬ ግን እዚህ አልጽፍም፤ ካነበቡት ደረጃ ያወጡለታል። እውነት ለመናገር እኔም ልቆርጠው ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ተነስቼ ማውሱን ያዝኩ።

ሰሎሜ እጇን እጄ ላይ አደረገች። ሁለታችንም ለመስማት ጎንበስ አልንላት።

"አይነካም" አለች በዚያች ሹክሹክታ። "መዝሙሩን ሌላ ሰው ይዘምረዋል፤ ልጆቹን አስተምራቸዋለሁ። ሳቄን ግን ማን ይስቅልኛል?"

ማውሱን ለቀቅኩላት። እሷ ቀረጻውን ትንሽ ወደ ኋላ መለሰችና እንደገና ከፈተችው። ጋሽ ጌታሁን ከስፒከሩ ጮኹ። ያቺ የድሮዋ ሰሎሜ ቤቱን በሳቅ ሞላችው፤ አጠገቤ ያለችውም ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ያለ ድምፅ፣ አብራት ሳቀች።